ቢራቢሮዋን ተዋት፤ ተምቹን የምትጥለው ሌላ ናት

ሰሞኑን ከደሴ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ቆላማ ቀበሌ፣ የገበሬዎች ስብሰባ ላይ አንድ ባለሙያ የተናገረው ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። "ቢራቢሮ ስታዩ ልጆቻችሁን አሰማርታችሁ አስገድሏት፤ ማሽላችሁን የሚበላው ተምች የእሷ ልጅ ነው" አለ። አንድ አባት ተነስተው "ቢራቢሮና የእሳት እራት አንድ ናቸው ወይ?" ብለው ሲጠይቁት ደግሞ "ሁለቱም ክንፍ አላቸው፣ ሁለቱም ትል ይፈለፍላሉ፣ ምን ለያቸው?" ብሎ አረፈው። እንዴ! ክንፍማ ንብም አላት። እሷንም ልናስገድል ነው?

ልጆች የሚያባርሯት ያቺ ጥቁር ክንፏ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለባት ትልቅ ቢራቢሮ፣ እንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች የምትጥለው ሎሚና ብርቱካን ቅጠል ላይ ነው። ትሏ የሎሚ ችግኝ ይበላል፣ እሺ፤ በእጅ ለቅሞ መጣል ነው። ማሽላ ውስጥ ግን ጉዳይ የላትም።

የመጤው ተምች እናት ሌላ ናት። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው ይህ ተምች የሚወለደው ከደብዛዛ ግራጫ የእሳት እራት ነው። ቢራቢሮዋ ቀን በፀሐይ፣ አበባ ላይ ስትዞር እሷ ተሸሽጋ ትውላለች። ስታርፍ ክንፏን እንደ ቤት ጣሪያ ጀርባዋ ላይ ትከድናለች። ቀንዷ ቀጭን ክር ነው፤ የቢራቢሮዋ ቀንድ ግን ጫፉ ላይ ያብጣል። ይህን ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሰዓቱ ነው። ልጆቹ ትምህርት ትተው በጠራራ ፀሐይ ቅርንጫፍ ይዘው ይሯሯጣሉ። ማታ ሁሉም ደክሞት ሲተኛ የእሳት እራቷ ትወጣለች። ቅጠል ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከስሩ በኩል፣ ከ100 እስከ 200 እንቁላል ባንዴ ትደረድራለች። ከገዛ ሆዷ በምታራግፈው ፀጉርም ታለብሰዋለች። ላላወቀው ሻጋታ ይመስላል። በጥቂት ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ትሉ ለጋው ቅጠል ከሚወጣበት መሃል ገብቶ ከተሸጎጠ በኋላ መድኃኒቱ አይደርስበትም። ገበሬው ገንዘቡን አየር ላይ ረጨ ማለት ነው። እንግዲህ የምንቀድማት እንቁላሉ ላይ ነው። ጠዋት ማሳ ገብቶ፣ ቅጠል ገልብጦ፣ በጣት መጨፍለቅ። ይህን ያልነገረ ባለሙያ ምክር አልሰጠም፣ ሰው አደከመ።

ትሉንም መለየት ከባድ አይደለም። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል አለው፤ ከጭራው አጠገብ አራት ጥቁር ነጥብ በአራት ማዕዘን ተቀምጧል። ለሚቀጥለው ስብሰባ ባለሙያው እንቁላል ያለበት አንድ የማሽላ ቅጠልና አንድ የተያዘች የእሳት እራት ይዞ ይምጣ። ያንን ጥያቄ ለጠየቁት አባት መጀመሪያ ያሳያቸው።