አንዱ ያነጥራል፣ አራቱ ያያሉ

ትናንት በድሬዳዋ ሙቀት ላቤን እየጠረግሁ የኮሌጃችንን የቅርጫት ኳስ ቡድን ለማየት ሄድሁ። በ1 ነጥብ ተሸነፍን። መሸነፉስ ይሁን። የመጨረሻዋን ኳስ ግን እንዴት ተጫወትናት? አንዱ ያነጥራል፣ አራቱ ቆመው ያያሉ! እነሱም እንደኛ ለማየት የመጡ ይመስል።

ይህ ነው እንግዲህ «የማጥቃት ስልታችን»። ለአንድ ጥቃት የሚፈቀደው 24 ሰከንድ ነው። እኛ 20ውን በማንጠር እንፈጃለን። በቀረችው 4 ሰከንድ ከ6 ሜትር ከ75ቱ የሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ቆመን ወደ ሰማይ እንወረውራለን። ረጅሙ ልጃችን ቅርጫቱ ሥር እጁን እንደ ዘረጋ ይቀራል። ይባስ ብሎ «ከ3 ሰከንድ በላይ ቆመሃል» ተብሎ ኳሱ ለተጋጣሚ ይሰጣል። ያውም ኳሷን ሳይነካት!

ባልንጀራን የሚከላከለውን ተጋጣሚ መንገድ በአካል መዝጋት በጀት ይጠይቃል? አቀብሎ ወደ ቅርጫቱ መሮጥስ? የከዚራ ሰፈር ባጃጅ እንኳ ክፍተት ካየ ይገባል፤ የኛ ልጆች ክፍተቱን እያዩ ያልፉታል።

አሠልጣኙን ጠየቅሁ። «ጉልበት እየቆጠቡ ነው» አለኝ። ለመቼ? ለከርሞ?