ፍጥሞ በምትባል ደሴት ላይቭ ነበርሁ

ሰሞኑን አንድ ተሳላሚ ከግሪኳ ፍጥሞ ደሴት በቀጥታ ያስተላለፈው ቪዲዮ እናንተም ዘንድ ሳይደርስ አልቀረም፤ እኔ ጋ በየግሩፑ እየዞረ መጥቷል። እስከ መጨረሻው አየሁት። ደሴቲቱን ግን አላየኋትም። ያየሁት አንድ ግንባር ነው፤ ሰፊ፣ ላብ ያቸፈቸፈው፣ ከበስተኋላው አልፎ አልፎ የኤጅያን ባሕር ቁራጭ ብቅ ብሎ የሚጠፋ። እንግዲህ ለዚህ ግንባርና ለመሰሎቹ ምስጋና ማቅረብ ተገቢ ነው።

መቼም ዮሐንስ ወልደ ነጎድጓድ ያሳዝናል። ድምጥያኖስ ቄሣር ወደዚያ ድንጋያማ ደሴት ሲያግዘው ቻርጀር እንኳ አልያዘም። ሃያ ሁለት ምዕራፍ የራእይ መጽሐፍ ሲጽፍ ስላለበት ቦታ የነገረን «ፍጥሞ በምትባል ደሴት ነበርሁ» ብሎ ብቻ ነው። የዛሬው ተሳላሚ ይህን ጉድለት ሞልቶለታል። ስካላ ወደብ ከመርከብ ሲወርድ ነበረ፤ አውቶቡስ ውስጥ ነበረ፤ የሽንት ቤት ሰልፍ ላይም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነበረ።

ኮረብታው አናት ላይ፣ ሆራ በምትባለው ነጫጭ ቤቶችና ጠባብ መተላለፊያዎች ባሏት ከተማ መሐል፣ ገዳሙ ቆሟል። መነኩሴው ክሪስቶዱሎስ ደሴቲቱን ከቢዛንታይኑ ንጉሥ ከቀዳማዊ አሌክሲዮስ ተቀብሎ በ1088 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ነው። እንደ ምሽግ የተገነባው የባሕር ወንበዴ እንዳይገባ ነው፤ ዘንግ ላይ ስልክ ሰክቶ ስለሚመጣ ሰው ግን ያኔ ማንም አላሰበም። በወይን ጠጅ ቀለም ብራና ላይ በብር የተጻፈ የማርቆስ ወንጌል፣ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ፣ 33 ቅጠሉ እዚያ ይገኛል። ባለ ግንባሩ ወዳጃችን ወደዚያ አልዘለቀም። «ውስጥ ኔትወርክ የለም ቤተሰብ» አለን። ልክ ነው፤ ኔትወርክ ለሌለው ብራና ምን ጊዜ ይባክናል?

ዋናው ጉድ ዋሻው ነው። ራእዩ የታየበት ነው የሚባለው ዋሻ ከወደቡና ከሆራ መካከል ነው፤ በደረጃ ይወረዳል። ዓለቱ በሦስት የተሰነጠቀበት፣ ሐዋርያው ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚባለው በብር የተከበበ ጎድጓዳ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ወዳጃችን ስልኩን በነጠላው ሸፍኖ ገባ፤ ገብቶም ገለጠው። አንድ መነኩሴ ከሩቅ እጃቸውን አወዛወዙ፣ ተው ማለታቸው ነው። «አባታችን እየባረኩን ነው፤ አሜን በሉ!» አለ። ከዳላስም ከዱባይም አሜን ጎረፈ። መነኩሴው ቀረብ ብለው ሁለቱንም እጃቸውን አወዛወዙ። «ድርብ ቡራኬ ነው ቤተሰብ፣ ሼር አድርጉ!» አንዲት እናት ለልጃቸው ቪዛ እንዲጸለይላቸው ጻፉ፤ «ይደርስልዎታል እማማ፣ አባታችን ሰምተዋል» አለ። መነኩሴው በመጨረሻ መዳፋቸውን ካሜራው ላይ ከደኑት። ድቅድቅ ጨለማ። ከጨለማው ውስጥ የወዳጃችን ድምፅ በሹክሹክታ መጣ፦ «እጃቸውን ጫኑብን!» ተመልካቹ ሺህ ልብ ላከ። ተገፍቶ ወጣና በሩ ላይ ቆሞ፣ ቅድም ሲገባ እንባው በደንብ እንዳልታየ አስተውሎ፣ ደረጃውን እንደገና ወረደ። አሁን አለቀሰ። ሁለተኛው ለቅሶ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የተሻለ ነበር።

በዚህ መሐል፣ ለቅጽበት፣ ከትከሻው በስተጀርባ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት አሮጊት ይታያሉ። እጃቸውን ወደ ዓለቱ ዘርግተዋል፤ ሊደርስላቸው ትንሽ ቀርቷል። «እማማ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ፣ ካሜራው ውስጥ ገቡብኝ» ይላቸዋል። ዞር አሉ። ወዲያው አስተባባሪው መርከቡ ሊሄድ ነው ብሎ ሰውን ጠራ። ወደ ፍጥሞ አውሮፕላን የለም፤ በባሕር ነው የሚመጣው፣ ያውም በዚያ ዕድሜ። ስንት ዓመት ሲመኙት ኖረው ይሆን? እዚህ ላይ መቀለድ አልችልም። ነውር ነው። አንድ ሰው የተሳለበትን ቦታ እንዳይነካ መከልከል፣ ያውም ለአሜን ቆጠራ፣ ድፍረት ነው፤ «አስተዋወቅን እኮ» የሚል ማመካኛም አያጥበውም።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን። «የምታየውን ጽፈህ ወደ ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ላክ» የሚለውን ትእዛዝ ወዳጃችን አንድም ሳያጎድል ፈጽሞታል። ለሰፈሩ ግሩፕ፣ ለማኅበሩ፣ ለዕቁቡ፣ ለዘመድ አዝማዱ፣ ለድሮ ክፍል ጓደኞቹ፣ ለሚስቱ ወገኖች፣ ለመሥሪያ ቤቱ ላከ። በስድስቱ አበባና አሜን ዘነበ። የመሥሪያ ቤቱ ብቻ፣ ከሰባቱ አንዷ እንደነበረችው እንደ ሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን፣ ለብ ብሎ ቀረ፤ ከሒሳብ ክፍል አንድ አውራ ጣት መጣ፣ ከሥሩም «የሕመም ፈቃድህ ሰኞ ያበቃል» የሚል መልእክት።