ከቀበቶው በፊት ጫማው

ስለ ክብደት ማንሻ ዕቃዎች ያነበብኩት ጽሑፍ ደህና ነው፣ ግን ከባድ ክብደት ማንሳት ለጀመረ ሰው «መጀመሪያ ቀበቶ ግዛ» (ሲያነሱ ወገብ ላይ ጠበቅ ተደርጎ የሚታሰረውን ማለቱ ነው) የሚለው አልተዋጠልኝም። እኔ ብሆን ከጫማ ነው የምጀምረው። በሩጫ ጫማ ስኳት (ክብደት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) መሥራት ፍራሽ ላይ ቆሞ እንደማንሳት ነው። ሶሉ ይሰምጣል፣ እግር ይወላገዳል። ጠፍጣፋና ጠንካራ ሶል ያለው ይበቃል፤ ቁርጭምጭሚቱ እንደልብ ለማይታጠፍለት ደግሞ ተረከዙ ከፍ ያለ የክብደት ጫማ ይሻለዋል።

ቀበቶ ራሱ ጀርባ የሚይዝ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሥራው ሌላ ነው፤ አየር በደንብ ስባችሁ ሆዳችሁን ቀበቶው ላይ ስትገፉ የሆድ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ ወገብን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። ያለ ቀበቶ ሆዱን ማጠንከር ላልለመደ ሰው ጌጥ ነው። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ይበቃል። እኔ ጉራ ይዞኝ ባለ 13ቱን ገዝቼ ጎኔን ሲልጠኝ ከረመ (በመጨረሻ ለወንድሜ ሰጥቼው ተገላገልኩ)።

ሰፕልመንት (ከምግብ በተጨማሪ የሚወሰድ ማሟያ) ላይ ብዙ አልልም። ክሬአቲን ሞኖሃይድሬት (ጡንቻ ለአጭር ከባድ ሥራ ጉልበት እንዲያገኝ የሚረዳ ማሟያ)፣ በየቀኑ ከ3 እስከ 5 ግራም፣ አለቀ። መጀመሪያው ሳምንት በቀን 20 ግራም መውሰድ ጡንቻውን ቶሎ ይሞላዋል እንጂ ግዴታ አይደለም። ሚዛን ላይ ኪሎ ቢጨምር አትደንግጡ፣ ጡንቻ ውስጥ የገባ ውሃ ነው። ኩላሊቱን የሚያመው ካለ ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው።

ቢሲኤኤ (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ሦስቱ ለብቻ ተለይተው የሚሸጡበት)? ፕሮቲን በደንብ ለሚበላ ሰው ጣዕም ያለው ውሃ ነው። የፕሮቲን ዱቄቱም ቢሆን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 1.6 ግራም ገደማ ከምግብ የሚያገኝ ሰው ባይገዛው ምንም አይቀርበትም።