እርማት፦ የፍጥነት መገደቢያ የአዋቂውን ባለአራት ጎማ ሞተር የልጅ አያደርገውም

ከላይ ብዙዎች «ለአዋቂ የተሠራ ባለአራት ጎማ ሞተር (እንደ ሞተር ሳይክል ተፈናጠው የሚነዱት) ፍጥነቱ ከተገደበ ለልጅ ቢሸጥ ችግር የለውም» ብላችኋል። በአክብሮት፣ ይህ ስሕተት ነው። መገደቢያው የሚቀንሰው ፍጥነትን ብቻ ነው። ክብደቱ ያው ነው፤ ብዙዎቹ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ። ነጂው በመታጠፊያና በዳገት ላይ ሰውነቱን ወደሚገባው ጎን እያዘነበለ ሚዛን መጠበቅ አለበት፤ የልጅ ክብደትና ቁመት ለዚህ አይበቃም። በዝግታ እየሄደም ሊገለበጥ ይችላል፤ ያኔ ልጁ ከሥሩ ሊቀር ይችላል።

ለማረጋገጥ አምራቹ የለጠፈውን የዕድሜ ማስጠንቀቂያ አንብቡ። በአሜሪካ ገበያ በሚሸጡት የአዋቂ ሞተሮች ላይ ከ16 ዓመት በታች የሆነ እንዳይነዳቸው ተጽፏል። ይህን እያየ «ገድቤዋለሁና አትስጉ» የሚል ሻጭ፣ ቅን ልብ ቢኖረውም እንኳ፣ ወላጁ ከመግዛቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን አደጋ ሸፍኖበታል።