ማስተካከያ፦ ስለ ኖርማንዲው ካርታ

ጅማ በሚገኘው ሱቃችን ለግድግዳ ጌጥ ስላቀረብነው የኖርማንዲ (ፈረንሳይ) ባሕር ዳርቻ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካርታ ባለፈው ሳምንት ስንገልጽ፣ «በ1944 እ.ኤ.አ. የታተመ ዋናው ነው» ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ብዙ ቆይቶ የታተመ ቅጂ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ መስመሮቹ ከጥቃቅን ባለብዙ ቀለም ነጠብጣቦች የተሠሩ ናቸው፤ በዚያ ዘመን ካርታ ላይ ግን እያንዳንዱ መስመር በራሱ ቀለም ድፍን ሆኖ ይታተም ነበር። ይህን አስቀድመን ማየት ሲገባን ክፈፉ አማለለን።

«ቢጎት» የሚለው ማኅተምም የጥብቅ ምስጢር ምልክት እንጂ እንደጻፍነው የካርታ ሠሪው ስም አይደለም። ኦማሃ በተባለው የኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ክፍል ላይ ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. ለውጊያ ከባሕር የወረደውም የአሜሪካ ጦር ነው፤ የእንግሊዝ ብለን ነበር። ዋጋው ቀንሷል፤ ቀብድ የከፈሉ ደንበኞች ገንዘባቸውን ሙሉ በሙሉ መውሰድ ይችላሉ።