አለ ወይስ ሄደ?

ቡድኑ ባሸነፈ ማግሥት ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚያወራ ደጋፊ ከእኛ ሌላ የት ይገኛል? ዲሴምበር 13 ቀን የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ የእኛው ሀስኪዎች፣ ሎስ አንጀለስ ላይ ቦይዚ ስቴትን 38 ለ 10 ቀጥቅጦ የ2025ን ውድድር በዘጠኝ ድልና በአራት ሽንፈት ዘጋ። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ስፖርቱም የፈረንጅ ነው።) ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስድስት አሸንፈን ሰባት ተሸንፈን ስለነበር እኔ የዋሁ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ስንቀመጥ ስለ ጨዋታው የምናወራ መስሎኝ ነበር። ለካ ጨዋታውን ያየ ሰው የለም! ያዩትም ቢሆኑ ያዩት የአሠልጣኙን ፊት ነው። "ሲያሸንፉ እኮ አልሳቀም፤ ልቡ ሄዷል" አለኝ የባለቤቴ ወንድም። ከአጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ "ኧረ በደንብ ስቋል፤ የስንብት ሳቅ ነው እንጂ" ብሎ አረመው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ከጨዋታው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኙን አባረረ። የእኛ አሠልጣኝ ጄድ ፊሽ ደግሞ በ2015 እና በ2016 እዚያ በረዳትነት ሠርቷል። ማስረጃው ይኸው ነው፤ ሌላ የለም። ከአሥር ዓመት በፊት በሠራበት ቤት ወንበር ስለተለቀቀ ሰውየው ሻንጣውን ሸክፏል ማለት ነው። በዚህ ስሌት እኔም መጀመሪያ የተቀጠርኩበት የመኪና ማቆሚያ ሰው በጎደለው ቁጥር ቤተሰቤ ሊያለቅስልኝ ይገባል።

(ዋሽንግተን ስል የሲያትሉን ማለቴ ነው። ዲሲ ያሉ ዘመዶቼ ስለዚህ ቡድን ባወራሁ ቁጥር "እኛ ጋ ነው እንዴ?" ይሉኛል። አይደለም። እናንተ ጋ አይደለም።)

ከዚያ እሑድ ጀምሮ የሰማሁትን ልንገራችሁ። አንዱ ወዳጄ ስልኩ ላይ የአውሮፕላን መከታተያ ጭኗል። ከሲያትል ተነሥታ ወደ ምሥራቅ የምትበር ትንሽ የግል አውሮፕላን ባየ ቁጥር ፎቶዋን እያነሣ ይልክልናል፤ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ሳይቀር። ኧረ ወንድሜ፣ ቦይንግ አውሮፕላን በሚገጥምበት አገር እየኖርክ ነው! ሰማዩ መቼ ከአውሮፕላን ነጽቶ ያውቃል? ሌላው ደግሞ የሚያውቀው ሰው የሚያውቀው ደላላ ስለ አንድ ትልቅ ቤት ሽያጭ መጠየቁን ሰምቷል። የማን ቤት ነው? አይታወቅም። ብቻ ትልቅ ነው። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ሲኒ ገልብጠው ዕጣ የሚያነቡ አንዲት እናት ነበሩ፤ እሳቸው እንኳን ቢያንስ መጀመሪያ ቡናውን ያስጠጡ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የንግግር ትርጓሜው ነው። አሠልጣኙ "እዚህ ደስተኛ ነኝ" ካለ፣ "ደስተኛ ነኝ አለ እንጂ እቆያለሁ አላለም"። "እቆያለሁ" ካለ፣ "እስከ መቼ እንደሚቆይ መች ተናገረ?"። ስለ ሌላ ሥራ አላወራም ካለ፣ "አየህ፣ አላስተባበለም"። ካስተባበለ ደግሞ ጉድ ፈላ፤ "ምንም ነገር ከሌለ ለምን ያስተባብላል?" ዝም ካለስ? ዝምታ መስማማት ነው። ሰውየው ለጋዜጠኞች የተናገረውን ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደ ቅኔ ወስደው ሰሙን ከወርቁ ሊለዩ ሲያመሹ ብታዩዋቸው፣ ጎጃም ወርደው ዋሸራ የተማሩ ይመስላችኋል። ፍሎሪዳ የተማረ የፉትቦል አሠልጣኝ ምን ቅኔ ያውቃል?

ፍርሃታቸው ከባዶ ሜዳ የበቀለ ነው አልልም። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፤ ቁስል አለብን። በ2023 ኬለን ዲቦር የሚያሠለጥነው ቡድናችን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ እስከ ብሔራዊው ፍጻሜ ደረሰ። ግራኙ ኳስ ወርዋሪያችን ማይክል ፔኒክስ ኳሱን ሲለቀው እኔ፣ "ይህ እንቁላል የሚመስል ነገር ምኑ ኳስ ነው?" ስል የኖርኩት ሰው፣ ከሶፋዬ ተነሥቼ እጮህ ነበር። በዓመቱ መባቻ ኒው ኦርሊንስ ላይ ቴክሳስን 37 ለ 31 አሸነፍን። ፍጻሜው ሰኞ ጃንዋሪ 8 ቀን 2024 ሂውስተን ላይ ነበር፤ ገና ደግሞ እሑድ ውሎ ነበር። የተረፈውን ዶሮ ወጥ አሙቀን፣ ልጄ የገዛችልኝን ሐምራዊ ሹራብ በነጭ ጋቢ ላይ ደርቤ ተቀመጥን። በሚሺጋን 34 ለ 13 ተሸነፍን። (አዎ፣ ያው ሚሺጋን።) ቢሆንም ማንም አላለቀሰም፤ ለፍጻሜ መድረስስ ቀላል ነው? አሠልጣኙ አለ፣ ውሉም እስከ 2028 ነው፣ ለከርሞ እንመለሳለን ተባብለን ተለያየን።

ረቡዕ ዕለት አላባማ ውስጥ ኒክ ሴባን የሚባሉ የ72 ዓመት ሰው ጡረታ ወጡ። ዓርብ ዲቦር የአላባማ አሠልጣኝ ሆነ። በሁለት ዓመት 25 አሸንፎ ሦስት ብቻ የተሸነፈ ሰው፣ ከፍጻሜው በአራተኛው ቀን! ጥምቀት እንኳን አልደረሰም ነበር። እሺ፣ ይህን ማን ጠረጠረ? ያ ሁሉ ተንታኝ፣ ያ ሁሉ አውሮፕላን ቆጣሪ የት ነበር? የሚወራው ስለ ሌላ ነበር። የመጣው ካልተጠበቀበት በኩል መጣ፤ እኛ የማናውቀው ሽማግሌ ከማናውቀው ቢሮ ሲወጣ የእኛ ቤት ጣሪያ ተነሣ። ወሬው ቀድሞ ያዳነን አንድም ነገር የለም። ይህን ነው በእሑድ ቡና ላይ ማስረዳት ያቃተኝ።

ስለ ሴባን ካነሣሁ አይቀር፣ እሳቸውም ወደዚያ ወንበር እንዴት እንደመጡ የሚያስቅ ነው። በዲሴምበር 2006 ማያሚ ዶልፊንስ የሚባለው የፕሮፌሽናል ቡድን አሠልጣኝ ሳሉ ጋዜጠኞች ሲያስጨንቋቸው የአላባማ አሠልጣኝ አልሆንም ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአላባማ አሠልጣኝ ሆኑ። ይህችን ታሪክ የባለቤቴ ወንድም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣታል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይለኛል፣ ጣቱን እያወዛወዘ። እኔ ደግሞ ከዚህ የምማረው የሰውየው ቃል ለትንበያ እንደማይጠቅም ነው፤ እሱ ግን ይበልጥ ማዳመጥ እንዳለበት ይማራል። ምን ይደረግ?

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን ኃጢአት። ዲቦር ዓርብ ሄደ፤ እሑድ ጃንዋሪ 14 እኛ ጄድ ፊሽን ቀጠርን። ከየት? ከአሪዞና ዩኒቨርሲቲ፤ ቡድኑን ከጭቃ አንሥቶ አሥር ጨዋታ እንዲያሸንፍ ካደረገ በኋላ። አሪዞና በሁለተኛው ቀን ብሬንት ብሬናንን ከሳን ሆዜ ስቴት ወሰደ። ሳን ሆዜ ስቴት ደግሞ ኬን ኒዩማታሎሎን ቀጠረ። አንድ ሽማግሌ አላባማ ላይ ጡረታ በወጡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስንት ከተማ እንዳለቀሰ ቁጠሩት። በመጋዘኑ የሌሊት ፈረቃ አብሮኝ የሚሠራ የቱሳን ልጅ አለ፤ የአሪዞና ደጋፊ ነው። ዓርብ ሌሊት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አይዞህ" ያለኝ እሱ ነበር። ሰኞ ሌሊት የእሱን አሠልጣኝ እኛ ወስደን ስንገናኝ ምን እንደምለው ጨነቀኝ። ከቴርሞሴ ቡና ቀዳሁለት። ጠጣና "እሱም እዚያ ዘመድ አልነበረውም፤ እዚህም የለውም" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ከዚያ ወዲህ በአላባማ ላይ አፌን ሞልቼ መናገር አቅቶኛል።

"ውል አለው እኮ!" የሚለውን ክርክርማ ተዉት። የዚህ አገር የአሠልጣኝ ውል የፍቺው ዋጋ አስቀድሞ የተጻፈበት ጋብቻ ነው። የዲቦር ውል ማፍረሻ ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ተከፈለ፣ አለቀ። ተገላቢጦሹም አለ፤ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2023 ጂምቦ ፊሸርን ሲያባርር፣ እንዳያሠለጥን ብቻ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍለው ግድ ሆነበት። እኔ ላለመሥራት እንዲህ የሚከፍለኝ ባገኝ ሻንጣዬን ራሴ እሸክፍ ነበር። አሠልጣኝ ሲሄድ ደግሞ ብቻውን አይሄድም። በ2024ቱ ደንብ መሠረት ቡድኑ አሠልጣኝ ሲለቅበት ተጫዋቾቹ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ለመዛወር የሚመዘገቡበት 30 ቀን ያገኙ ነበር። ስማቸውን የለመድናቸው ልጆች አንድ በአንድ ወጡ። ስለዚህ ወሬው ስለ አንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል።

በ2025 ደግሞ የአሠልጣኝ ሌን ኪፈን ነገር እሳቱ ላይ ቤንዚን ጨመረበት። የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲን ቡድን 11 ጨዋታ አሸንፎ አንድ ብቻ እንዲሸነፍ አድርጎ፣ ቡድኑ ለዋንጫው ጥሎ ማለፍ ሊገባ ሲል፣ ኖቬምበር 30 ቀን ወደ ሉዊዚያና ስቴት ሄደ። ደጋፊዎቹ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄደው በስድብ ሸኙት። ስንቶቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲገምቱ ከርመዋል! ግምታቸው ልክ ነበር፤ ግን አጥሩ ላይ ቆመው ከመሳደብ ሌላ ምን ፈየደላቸው?

በሌላ በኩል ክሪስ ፒተርሰንን የሚያነሣልኝ የለም። ቦይዚ ስቴት ሳለ በየዓመቱ "ዘንድሮ ይሄዳል" እየተባለ ስምንት ዓመት ተቀመጠ። ቦይዚዎች ስምንት ዲሴምበር ሙሉ እንቅልፍ አጥተው በመጀመሪያዎቹ ሰባቱ በከንቱ ነበር ማለት ነው። በመጨረሻ በ2013 ወደ እኛ መጣና ስድስት ዓመት አሠልጥኖ፣ ማንም ሳይወስደው በራሱ ፈቃድ በቃኝ አለ። ይህን ስናገር "እሱ ሌላ ነው" ይሉኛል። የሚቆይ ሁሉ "ሌላ ነው"፤ የሚሄድ ብቻ ነው ምሳሌ የሚሆነው።

የሚያናድደኝ የሚያስቀሩብን ነገር ነው። ሀስኪ ስታዲየም ሐይቅ ዳር ነው፤ ሰው በጀልባ መጥቶ ጀልባውን አስሮ ጨዋታ የሚገባበት፣ 70 ሺህ ሰው የሚይዝ ሜዳ ነው። ልጄ ተማሪ ሳለች መጀመሪያ የወሰደችኝ ቀን ደንቡ አንዱም አልገባኝም ነበር፤ ሐይቁን፣ የትራምፔቱን ጩኸት፣ ከኋላችን የቆሙትን አሮጊት ስድብ ግን እስከዛሬ አስታውሳለሁ። አሁን እዚያው ተቀምጠን ኳስ መስመር ሲያልፍ የባለቤቴ ወንድም ወደ ጎን ዞሮ "እንዲህ ከቀጠለማ ይወስዱታል" ይለኛል። ብንሸነፍ ይባረራል ብሎ ይፈራል፤ ብናሸንፍ ይወሰዳል ብሎ ይፈራል። ታዲያ ይህ ሰው ለቲኬቱ ገንዘብ የሚከፍለው ምን ሊሆንለት ነው?

አንድ ነገር ግን አስቆኛል፤ ልደብቅ አልችልም። በዚያው ሳምንት የራሱ የዲቦር ስም ከሚሺጋን ጋር ተነሣ። አላባማዎች በተራቸው አውሮፕላን መቁጠር ጀመሩ፤ ሰውየውም ሌላ ሥራ አልፈልግም ብሎ መናገር ግድ ሆነበት። የባለቤቴ ወንድም በደስታ ሦስት ጊዜ ደወለልኝ። ከዓመት በላይ እንዲያ ሲስቅ አልሰማሁትም።

ከዚያ ዲሴምበር 26 ሚሺጋን ቁርጡን አሳወቀ። ዩታን ከ20 ዓመት በላይ ያሠለጠነውን ካይል ዊቲንግሃምን ቀጠረ። አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ ያንገበገበን ነገር በአንድ መስመር ዜና አለቀ። ወዲያው የቤተሰቡን ሁሉ ስልክ አጨናነቅሁት፤ "ብያችሁ ነበር" ማለት እንዴት ይጣፍጣል! ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንዱ መለሰልኝ፤ "ቀጥሎስ አሠልጣኙን የሚያባርረው የትኛው ትምህርት ቤት ነው?"

ያ የቱሳን ልጅ ያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት በእኔ በኩል ሲያልፍ አንድ ቃል ብቻ ይጠይቀኝ ነበር። "አለ?" "አለ" እለዋለሁ፤ ያልፋል። ዜናው በተሰማ ሌሊትም መጣ። እኔ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ከቦይንግ ፊልድ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥታ ወደ ምሥራቅ የምትሄድ አንዲት ትንሽ ነጥብ ስልኬ ላይ እያየሁ ነበር።

"አለ?" አለኝ።

ስልኬን በፊቱ ደፋሁት። "አለ" አልኩት።