በር ላይ ፎቶ ተነስቶ መመለስ

የሲያትል ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። ቅር እንዳይላችሁ።

በሰርግ ወቅት ቮለንቲር ፓርክ ሄዶ እናንተን ያጣ የለም። ሙሽራና ሚዜ ከሊሞ ይወርዳል። የዕፅዋት ማሳደጊያውን የመስታወት ቤት ከኋላ አድርጎ ፎቶ ይነሳል። እልልታው የካፒቶል ሂልን ሰፈር ያናውጠዋል። ደስ ይላል። ግን በሩ ክፍት ነው እኮ! ስንቶቻችሁ ገብታችኋል? ሃያ ዓመት እዚህ ኖሮ "ውስጡ ምን አለ?" ያለኝ ሰው አለ። እኔም ብሆን መጀመሪያ የገባሁት ዝናብ አባርሮኝ ነው።

ቤቱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። 3,426 መስታወቶች አሉት፣ ክፍሎቹ አምስት ናቸው። ከውጭ ብርድ ሲገቡ መነጽር ያደረገ ሰው ለጊዜው ይታወራል። አገር ቤት ለአጥር የምናውቀው ቁልቋል እዚያ እንደ ልጅ ይጠበቃል።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከዕፅዋቱ ጥቂት የማይባሉት ወረቀት አልባ ናቸው። ለመጥፋት የተቃረበ ተክል ያለ ፈቃድ ከአገር አገር ማሻገር በዓለም አቀፍ ስምምነት ክልክል ነው። ድንበር ላይ የተያዘው ኦርኪድና ቁልቋል መጠለያ ይፈልጋል። ይህ ቤት ከመጠለያዎቹ አንዱ ነው። ጥገኝነት አገኙ በሉት። ወረቀት ማጣት ምን እንደሆነ ከእኛ ወዲያ ማን ያውቃል?

ታዲያ ባለፈው አንዲት እናት ግራ ቀኙን አይተው፣ ከአንዱ ተክል ቀንጠስ አድርገው ቦርሳቸው ውስጥ ሲከቱ አየሁ። "እማማ፣ ምነው?" አልኳቸው። "መስኮት ላይ ትበቅልልኛለች ልጄ" አሉኝ። ከሰው ሻንጣ ተነጥቆ እዚያ የገባ ተክል ይሆናል፤ እኛ ደግሞ መልሰን ቦርሳ ውስጥ! ተዉ። እጃችሁን ሰብስቡ።

መግቢያው ጥቂት ዶላር ነው፣ ለማኪያቶ የምታወጡት። ቤቱን ለማደስ ነዋሪው ማኅበር አቋቁሞ ገንዘብ ሲያሰባስብ ኖሯል። ዕቁብና ዕድር ስንጠጣ ያደግን ሰዎች የት ነበርን? "የፈረንጅ ነገር ነው" አትበሉኝ። ግብሩን እናንተም ትከፍላላችሁ።

በሚቀጥለው ሰርግ ፎቶው ሲያልቅ ልጆቹን ይዛችሁ ግቡ። ሚዜዎቹም ይግቡ። በሱፍ ይሞቃቸዋል፣ ይሙቃቸው። የሙሽራዋን ቬሎ ብቻ ከቁልቋሉ አርቁልኝ።